ሽታችሁ ጠፋ፦ ስድስት ቀን ወደ ድሬ፣ ለሁለት ሰው አንድ አፍንጫ

መስከረም 5፦ ከአዲስ አበባ ጭሮ

የእህቴ አፍንጫ ከሞተ አራት ዓመት አልፎታል። «ሞተ» የምትለው እሷ ናት። በ2013 ዓ.ም. ኮሮና ያዛት፣ ሳምንት ተኝታ ተነሳች፣ እግዜር ይመስገን ተባለ። ከዚያ አንድ ቀን ሽሮ ጥዳ ሳሎን ቁጭ ብላ ቴሌቪዥን ስታይ፣ ድስቱ አርሮ፣ ቤቱ በጭስ ታፍኖ፣ ጎረቤት በር እየደበደበ «ምን ነካሽ፣ አይሸትሽም እንዴ?» ሲላት ነው ነገሩ የገባት። አይሸታትም።

ከወራት በኋላ ትንሽ ትንሽ የተመለሰላት መሰለ። የተመለሰው ግን ተጣሞ ነው። ቡና ሲቆላ የተቃጠለ ጎማ ይሸታታል። ሽንኩርት ሲቁላላ የሞተ አይጥ። ኮሮና ከያዛቸው ብዙ ሰዎች ላይ የታየ ነው፣ በተለይ ቡና ላይ ይብሳል አላት ሐኪሙ። ለማን አቤት ይባላል? የድሬዳዋ ልጅ ሆና፣ ቡና ሲቆላ አፍንጫዋን በነጠላ ሸፍና ወደ ጓሮ የምትሮጥ ሴት በሰፈሩ ምን ምን እንደተባለላት አልነግራችሁም።

ሐኪሙ ልምምድ አዘዘላት። አራት ሽታ፦ ጽጌረዳ፣ ሎሚ፣ ቅርንፉድ፣ ባህር ዛፍ። ጠዋትና ማታ አንድ በአንድ ወደ አፍንጫ ማስጠጋት፣ እያሸተቱ ድሮ ምን ይመስል እንደነበር ማስታወስ። የጀርመን ሐኪሞች የጀመሩት ዘዴ ነው፣ ውጭ አገር በብልቃጥ በብልቃጥ ተሞልቶ ይሸጣል። እታለም «ሦስቱን የት አጣቸዋለሁ፣ ጓዳዬና አጥሬ ሥር አሉ» ብላ በሻይ ብርጭቆ ደረደረቻቸው። ሎሚው ላይ ብዙ ትቆያለች። ዓይኗን ጨፍና፣ ቅንድቧን ሰብስባ። ምንም የለም።

እንቁጣጣሽ ዕለት ድንገት «ድሬ እንሂድ» አለችኝ። «አንተ እያሸተትክ ትነግረኛለህ።»

እኔ ከድሬ የወጣሁት በ12 ዓመቴ ነው። እሷ በ11 ዓመት ትበልጠኛለች፣ እስከ 1999 ድረስ እዚያው ነበረች። የእኔ ድሬ ሽታ ብቻ ናት። የጎረቤት ስም ብትጠይቁኝ ግማሹን አላውቀውም፣ መንገዱም ይጠፋኛል፣ ግን የሆነ ቦታ አንድ ሰው ከሰል ላይ እጣን ጣል ሲያደርግ ወይም የጋራዥ በር ላይ ሳልፍ የሆነ ከሰዓት በኋላ ሙሉው፣ ከነሙቀቱ ከነዝንቡ፣ ተመልሶ ይመጣብኛል። የእሷ ድሬ ደግሞ ስምና ዓመተ ምሕረት ናት። ለሁለታችን አንድ አፍንጫና አንድ ጭንቅላት አለን ማለት ነው።

የአጎታችን ልጅ በፒካፕ ዕቃ ሊያደርስ ወደ ድሬ ይወርድ ነበርና ተለጠፍንበት። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሳን። ደንቡ ቀላል ነው፤ የሸተተኝን ሁሉ ወዲያው መናገር።

ሞጆ ላይ ደንቡ ፈረሰ። መስኮቱን ከፈትኩ። የቆዳ ፋብሪካዎቹ ናቸው።

«ምን ሸተተህ?»
«ሞጆ።»
«ሞጆ ሽታ ነው እንዴ?»
«በቃ... ሞጆ ሞጆ ይላል።»

ቀና ብላ አየችኝ። እውነቷን ነው። ስለ ቀለም ስናወራ ቀይ፣ ዳማ፣ ጠይም፣ ቀይ ዳማ እንላለን። ሽታ ላይ ስንደርስ ግን ወይ መዓዛ ነው ወይ ግማት፣ ከዚያ ካለፈ የነገሩን ስም እንጠራለን። የቅቤ ሽታ፣ የላምባ ሽታ፣ የዝናብ ሽታ። ቅቤን የማያውቅ ሰው የቅቤ ሽታ ቢሉት ምን ይገባዋል?

መተሐራ ላይ ትንሽ ተሻሻልኩ። ከስኳር ፋብሪካው በኩል የሚመጣው ሽታ በመስኮቱ ገባ። «ጣፋጭ ነው፣ ግን ደስ አይልም፣ ትንሽ ኮምጠጥ ያለ፣ የቆየ... የጠላ ድፍድፍ ውስጥ ስኳር የጨመሩበት።» እታለም ራሷን ነቀነቀች። «ድፍድፍ አልክ? እሱን አውቀዋለሁ። እንደሱ ንገረኝ።» ከዚህ በኋላ ቋንቋችን የእማማ ጓዳ ሆነ። በእማማ ጓዳ ውስጥ የማይገኝ ሽታ አይነገርም።

ከአዋሽ ወዲያ አሰቦት ሳንደርስ የኋላ ጎማችን ተቀደደ፣ ሹፌራችንም ሳያውቀው ትንሽ ነዳው መሰለኝ ጨሰ። ወርደን መንገድ ዳር ቆምን። ሙቀቱ ከአስፋልቱ ይነሳል። አፍንጫዬን ያዝኩ።

«ምን ሸተተህ?»
«ጎማ። የተቃጠለ ጎማ።»
«ቡና በለኛ!» አለችና መሬት ላይ እስክትቀመጥ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። የአጎታችን ልጅ ክሪኩን ይዞ ሁለታችንንም እንደ እብድ እያየን ነበር።

መለዋወጫው ጎማ ነፋስ የለውም። እሱን ለማስነፋት በሞተር ተሂዶ እስኪመጣ ሦስት ሰዓት ሄደ። ድሬ መግባቱ ቀርቶ ጭሮ አደርን። አልጋ ክፍሉ የፍሊት ሽታ ነበረው። ይህንን አልነገርኳትም፣ ደክሞኛል።

መስከረም 6፦ ከጭሮ ድሬዳዋ

ጨርጨር በመስከረም አረንጓዴ ነው፣ እንደዚህ አረንጓዴ መሆኑን ረስቼው ነበር። ማሽላው ከመንገዱ ግራና ቀኝ ቆሟል። ሂርና አካባቢ ልጆች በቆሎ እሸት ይጠብሳሉ። ከሰል ላይ የተጠበሰ በቆሎ ሽታ ለማንም ኢትዮጵያዊ መግለጽ አያስፈልግም። እኔን ግን ያሰቃየኝ ሌላ ነው፤ ልጁ በቆሎውን የሰጠኝ በራሱ ልጥ ጠቅልሎ ነው፣ ያ ትኩስ ልጥ እጄ ላይ ሲያልበው የወጣው ሽታ፣ እርጥብ ሳርና ወተት የመሰለ፣ በአንድ ጊዜ ወደ ሰባት ዓመቴ ወረወረኝ። የት እንደሆነ አላውቅም። ማን አጠገቤ እንደነበረ አላውቅም። ደስ ብሎኝ እንደነበረ ብቻ ነው የማውቀው።

ይህ ነገር ለምን እንደሚሆን ካነበብኩት ውስጥ ጭንቅላቴ ውስጥ የቀረውን ልንገራችሁ። የምናየውና የምንሰማው ነገር ወደ አንጎል ሲገባ ታላመስ በምትባል አንድ ኬላ በኩል ያልፋል፣ እዚያ ይፈተሻል፣ ከዚያ ይላካል። ሽታ ግን ኬላውን ሳይነካ በጓሮ በር ነው የሚገባው። ቀጥታ ስሜትና ትዝታ የሚሰሩበት ክፍል ነው የሚደርሰው። ለዚህ ነው መጀመሪያ ሆድህ የሚባባው፣ ምክንያቱ በኋላ የሚመጣው፣ አንዳንዴም ጭራሽ የማይመጣው። አፍንጫ ውስጥ ያሉትን የሽታ ተቀባዮች ያገኙት ሁለት አሜሪካውያን፣ ሪቻርድ አክስልና ሊንዳ በክ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ኖቤል ተሸልመዋል። ሰው እንዲህ ያለ ተቀባይ ወደ 400 ገደማ ዓይነት አለው። ለእታለም ይህን ሁሉ አስረዳኋት። «እና የኔ 400 የት ሄዱ?» አለችኝ። ለዚህ መልስ የለኝም።

ቁልቢ ገብርኤል ቆምን። ልጆች ሆነን የምናውቀው ቁልቢ የታኅሣሥ 19 ቁልቢ ነው፣ ከየአገሩ በጎረፈ ሰው የተጨናነቀ፣ ጧፍና እጣን፣ የሰው ላብ፣ የውርጭ አቧራ፣ ጠዋት ላይ የሚጤስ እርጥብ እንጨት። የዛሬው ባዶ ነው። ራስ መኮንን ከዓድዋ በኋላ ስለታቸውን ያስገቡበት ደብር ነው ይባላል፣ ከዚያ ወዲህ ሰው ስለቱን ሲያመጣ ኖሯል። ግቢው ውስጥ የሸተተኝ የጥድና የእርጥብ ድንጋይ ሽታ ብቻ ነበር። እታለም ጧፍ ገዝታ ለኮሰች፣ ጧፉን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ትንሽ ቆየች፣ ከዚያ ተከናነበችና ግድግዳው ሥር ቆመች። ስለት ተሳለች መሰለኝ። አልጠየቅኳትም።

ከደንገጎ ቁልቁል ስንወርድ ጆሮዬ ተደፈነ። ደጋው በአንዴ ያልቅና ሙቀት ፊት ላይ ይመታሃል። መስኮቱን እስከ መጨረሻ አወረድኩት፣ ጭንቅላቴን አወጣሁት፣ እንደ ውሻ። የሞቀ አሸዋ። ፍየል። ከሰል። የሆነ ቦታ የሚጠበስ ዘይት። እና ከእነዚህ ሁሉ ሥር የሆነ፣ ስም የሌለው፣ ደረቅ የሆነ ነገር፣ ለ35 ዓመት «የድሬ ሽታ» ስለው የኖርኩት።

«ምን ሸተተህ?»

መናገር አቃተኝ። እሷም ደግማ አልጠየቀችኝም።

መስከረም 7፦ ድሬ

ገንደ ቆሬ የነበረው የተከራየነው ቤት አሁን ሴራሚክ ለብሷል፣ በሩ ብረት ነው፣ ምንም አይሸትም። ከጎኑ ያሉት ጎረቤታችን ግን አሉ። በሕይወት ያሉ አልመሰለኝም ነበር። በር ላይ በርጩማቸው ላይ ቁጭ ብለው ከዓይናቸው በላይ እጃቸውን ከልለው ካዩን በኋላ ጮኹ።

«ወላሂ እናንተ ልጆች! ሽታችሁ ጠፋ እኮ አቦ!»

እታለም ፍርስ አለች። «የኔ ጠፍቷል እናቴ፣ የእሱ ግን አለ» አለቻቸው። ሴትየዋ አልገባቸውም፣ ግን አብረው ሳቁ፣ ሁለታችንንም እጃችንን ይዘው አስገቡን። ገና ቁጭ ሳንል፣ ገርገራ በሚሉት ማጨሻ ላይ ፍም አድርገው ኡንሲ ጣል አደረጉበት። ኡንሲ የማታውቁ፣ እጣንና ስኳር እና ሽቶ ተቀላቅሎ የሚሰራ የምሥራቅ ሰው ጭስ ነው፣ ልብስ ይታጠንበታል፣ ቤት ይታጠንበታል፣ ሙሽራም። ወፍራም ሽታ ነው። አፍንጫ ውስጥ ገብቶ ወንበር ስቦ ይቀመጣል። እኔ ወዲያው ስድስት ዓመቴ ነኝ፣ ወለሉ ላይ ተኝቻለሁ፣ እግሬ ላይ ዝንብ አለ፣ ከላዬ የሴቶች ወሬ አለ።

ለእታለም እንዲህ አልኳት፦ «እጣን ውሰጂ፣ ሽሮፕ አፍስሺበት፣ ከዚያ የእማማን የበዓል ሻሽ ከሳጥን አውጥተሽ አራግፊው።»

«ገባኝ» አለች።

ከሰዓት በኋላ ወደ ከዚራ ሰፈር ወጣን። ከዚራ ጥላ አላት፣ ዛፎቹ መንገዱ ላይ ተቃቅፈው። ከዚያ ለገሃር፣ የድሮው ጣቢያ። ድሬ ከተማ የሆነችው በባቡሩ ነው፤ ሀዲዱ ከጂቡቲ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ እዚህ ደረሰ፣ ሐረር ያለችበት ተራራ ላይ መውጣቱ ውድ ስለሆነ ከሥር ቆመ፣ ለዚህም ነው በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» የተባለችው። አዲስ አበባ ለመድረስ እስከ 1917 ፈጅቶበታል። ጥገናው፣ መለዋወጫ ብረቱ፣ ባለሙያው ሁሉ ግን ድሬ ነበር። አባታችን የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ስለ አባቴ ካለኝ ትዝታ ትልቁ ሽታው ነው፤ ሰማያዊ ቱታ፣ ናፍጣ፣ ግሪስ፣ ብረት ላይ የደረቀ ላብ። ማታ ሲያቅፈኝ ፊቴ ደረቱ ላይ ይቀበራል። አዲስ አበባ ጎተራ አካባቢ ጋራዥ በር ላይ ሳልፍ ሁልጊዜ እርምጃዬን ዝግ የማደርገው ለዚህ ነው።

ዘበኛው ደግ ሰው ነው፣ ወርክሾፑን በር ላይ ሆነን እንድናይ ፈቀደልን። ሽታው አለ። ባቡሩ ከቆመ ስንት ጊዜው፣ ሽታው ግን ወለሉ ውስጥ ሰርጎ ገብቶ አለ። ቁሜ ሳብኩት። ዓይኔ እንባ አቀረረ።

«አባባ» አልኳት። «አባባን ነው የሸተተኝ። ናፍጣ፣ ግሪስ...»

እታለም ዞር ብላ አየችኝ።

«አባባ መቼ ናፍጣ ነክቶ ያውቃል?»
«እንዴ፣ ቱታው...»
«አባባ ትኬት ቢሮ ነበር አቦ! ነጭ ሸሚዝ ነው የሚለብሰው፣ እኔ አይደለሁ የምተኩስለት? ቱታ የሚለብሰው ሰርቪስ ቤቱን የተከራየው መካኒክ ነው። ልጅ አልነበረውም፣ ማታ ማታ አንተን አቅፎ በር ላይ ይቀመጥ ነበር። አባባማ ማታ ፈረቃ ነበር።»

ዘበኛው ሰዓቱን አየ። እኔ ምን እንደምል ጠፋኝ። 35 ዓመት ሙሉ የሰው አባት፣ እሱም አባት ያልሆነ ሰው፣ ስናፍቅ ኖርኩ? በኋላ ላይ ሆቴል ተመልሼ ትንሽ አነበብኩ። ሽታ የሚቀሰቅሰው ትዝታ ከሌላው የበለጠ ስሜት አለው እንጂ የበለጠ እውነት አይደለም ይላሉ የሚያጠኑት። ጓሮ በር አልኳችሁ አይደል፣ መታወቂያ የሚጠይቅ የለም።

ማታ እራት ላይ ጠየቅኳት። «እና አባባ ምን ይሸት ነበር?»

ሹካዋን አስቀመጠች። «የካርቦን ወረቀት» አለች። «የማኅተም ቀለም፣ ያ ሐምራዊው፣ ጣቱ ላይ አይለቅም ነበር። እና ደስታ ከረሜላ። ኪሱ ውስጥ አይጠፋም፣ ሙቀቱ ያቀልጠውና ወረቀቱ ከኪሱ ጋር ይጣበቃል፣ እኔ ነኝ በቢላ የምፍቀው።»

ምንም የማይሸታት ሴት አባቴን አሸተተችልኝ። እኔ ግን የካርቦን ወረቀቱ አልመጣልኝም። ቁጭ ብዬ ሞከርኩ። ግሪሱ ብቻ ነው ያለኝ።

መስከረም 8፦ ሐረር ደርሶ መልስ

ሐረር በሚኒባስ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። አወዳይ ላይ የጫት ሽታ መኪናውን ሞላው፣ የታጨደ አረንጓዴ፣ መራራ፣ እርጥብ ጆንያ። ሐሮማያ ሐይቅ ውኃ ይዟል፤ እኔ በሰማሁት ጊዜ ደርቆ ከብት ይግጥበት ነበር፣ ከዚያ ተመልሷል። እታለም ለረጅም ጊዜ አየችው። «እሱም ተመልሷል» አለች። ሌላ አልጨመረችም።

ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር የምትባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ እኔን ገደለችኝ። ሁለት ረድፍ ስፌት መኪና፣ የማሽን ዘይት፣ ገና ያልታጠበ ቡፍታ፣ የከሰል ካውያ እርጥብ ጨርቅ ላይ ሲያርፍ የሚወጣው እንፋሎት። የበዓል ልብስ ማለት ይህ ሽታ ነው። እታለም ግን በጣቷ ጨርቁን እያሸች «ይሄ ፖሊስተር ነው» ብላ ከልብስ ሰፊው ጋር ዋጋ ትከራከር ነበር።

ከሸዋ በር ገበያ ወዲህ አንድ ቤት ቡና ሊቆሉ ምጣድ ጣዱ። እጄን ያዘች። «ሂድ አንተ ጠጣ፣ እኔ ውጭ እቆያለሁ።» አልሄድኩም። ከዚህ ይልቅ አንዲት ሴት ሆጃ ሠርተው ሰጡን፣ የቡና ገለባ ተፈልቶ ወተትና ጨው የሚገባበት። እታለም ሁለት ስኒ ጠጣች። አፍንጫ ባይኖርም ምላስ ጨውና ስኳር፣ ምሬትና ኮምጣጤ ይለያል፣ ለዚያ ነው ሰው ከሞላ ጎደል መብላት የሚችለው። «ጨው ነው፣ ሙቅ ነው፣ ይበቃኛል» አለችኝ። ከመውጣታችን በፊት ስኒውን ገልብጣ አስቀመጠች፣ ቡና እንደጠጣ ሰው።

መስከረም 9፦ ድሬ፣ ዝናብ

ጠዋት ከፊራ በሚባለው ገበያ። ቅመም ተራ ላይ ቆሜ ዘረዘርኩላት፦ እርድ፣ አብሽ፣ ኮሰረት፣ ቅርንፉድ («እሱን እየተለማመድኩት ነው፣ እለፈው»)፣ ደረቅ ዝንጅብል፣ ቴምር፣ ከጎን የሚጠበስ ሳንቡሳ። አንዱ ነጋዴ ሽታ በአፉ የሚቆጥር ሰው አይቶ አያውቅም መሰለኝ፣ «ወንድም፣ ትገዛለህ ወይስ ትመረምራለህ?» አለኝ። ግማሽ ኪሎ ቴምር ገዛን።

ከሰዓት በኋላ ደቻቱ ድልድይ ላይ ቆመናል። ደቻቱን ለማያውቅ፦ ወንዝ ነው፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ውኃ የለውም፣ አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ ፍየል ይተኛበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። እኛም ተጫውተንበታል። ከወደ ደንገጎ ሰማዩ ጠቆረ። እዚህ ገና ጠብ ያለ የለም። ነፋስ መጣ።

ያ ሽታ መጣ።

ደረቅ መሬት ዝናብ ሲነካው የሚወጣው። በዓለም ላይ ካሉ ሽታዎች ሁሉ አንዱን ምረጥ ብትሉኝ ይህንን ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ሁለት የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ስም አውጥተውለታል፣ ፔትሪኮር ብለው። ዕፅዋት በድርቅ ጊዜ የሚያወጡት ቅባት አለበት፣ አፈር ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ተሕዋስያን የሚሠሩት ጂኦስሚን የሚባል ነገርም አለበት። ይህችን ጂኦስሚን የሰው አፍንጫ በጣም በጥቂቱም ቢሆን ያገኛታል። እኛ ልጆች ሆነን ሳይንሱን አናውቅም፣ አፋችንን ከፍተን በአፋችን ነበር የምንስበው፣ አንዳንዶቻችን አፈሩንም እንበላው ነበር፣ እኔን ጨምሮ።

«እታለም! እታለም፣ መጣ፣ ያ የዝናቡ...»

ለመግለጽ ቸኮልኩ። አዲስ የሸክላ ምጣድ ልበላት፣ ውኃ የነካው ገንቦ፣ የእማማ እንስራ አንገት... ዞር ስል የለችም። ድልድዩን አልፋ ፈጠን ፈጠን እያለች ወደ ላይ እየሄደች ነው። ተከትዬ ሮጥኩ።

«ምን ሆንሽ?»
«እንሂድ። ላይ ዘንቧል።»
«ገና አልዘነበም እኮ፣ ሽታው ብቻ...»
«አውቃለሁ። ሽታው ሲመጣ ነው የሚሮጠው።»

በ1998 ክረምት ነው። እኔ አዲስ አበባ ነበርኩ፣ በሬዲዮ ነው የሰማሁት። ዝናቡ ተራራው ላይ ነው የጣለው፣ ሌሊት፣ ከተማው ተኝቶ። ደቻቱ ያንን አሸዋ ሞልቶ፣ ቤት ገፍቶ፣ መኪና ገፍቶ ወረደ። ከሁለት መቶ በላይ ሰው ሞተ። እታለም ያኔ ከወንዙ ብዙም በማይርቅ ቤት ነበር የምትኖረው። እስከ ዛሬ አንድም ቀን በዝርዝር አውርታኝ አታውቅም፣ እኔም ዛሬ ነው የጠየቅኳት፣ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ቆርቆሮው እየተደበደበ።

«ማታውን ሽታው መጥቶ ነበር» አለችኝ። «ደስ ብሎኝ መስኮት ከፍቼ ነው የተኛሁት። ይቀዘቅዝልናል ብዬ።» ሻይዋን አማሰለች። «ጠዋት ጭቃው ነበር። ጭቃው ለሳምንታት ነው የሸተተው። አሁን ሰው ስለ ዝናብ ሽታ ሲያወራ... አፍንጫዬ ሲሞት፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ይሄኛው ብቻ በመሄዱ አልቆጨኝም።»

ያንን ሁሉ ማወዳደሪያ፣ ምጣዱንም ገንቦውንም፣ ዋጥኩት። ዝናቡ ሃያ ደቂቃ ጥሎ ቆመ። ደቻቱ አልመጣም። ከአሸዋው ላይ እንፋሎት ይነሳ ጀመር፣ ልጆች ኳሳቸውን ይዘው ተመለሱ።

መስከረም 10፦ በባቡር ወደ አዲስ አበባ

የአጎታችን ልጅ ድሬ ቀረ፣ እኛ ባቡር ያዝን። አዲሱን። ጣቢያው ከከተማ ወጣ ያለ ነው፣ ፍተሻው ረጅም ነው፣ መቀመጫው ደህና ነው። ንጹሕ ነው። ኤሌክትሪክ ስለሆነ ጭስ የለውም፣ መስኮቱ አይከፈትም፣ ከወለል ማጽጃው በስተቀር ምንም አይሸትም። ባቡር ላይ ተሳፍሬ አፍንጫዬ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ የመጀመሪያዬ ነው።

የድሮው ላይ ኤረር ጣቢያ ሲደርስ ብርቱካን ሻጮች መስኮቱን ይወሩታል። የኤረር ብርቱካን! በዘንቢል ይገዛል፣ ከዚያ እስከ አዋሽ ድረስ ፉርጎው ሁሉ ይልጣል፣ ወለሉ ልጣጭ ይሆናል፣ ጣትህ ይጣበቃል፣ ከናፍጣው ጋር ተቀላቅሎ... ይህንን ለእታለም እየነገርኳት እንቅልፍ ወሰዳት። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላለች። ሌሊቱን አልተኛችም ነበር።

ሚኤሶን ካለፍን በኋላ ይመስለኛል። ከኋላችን ያሉት ቤተሰብ ምሳ ፈቱ። ሕፃኗ ብርቱካን ተሰጣት፣ በጥርሷ ነክሳ መላጥ ጀመረች፣ ያ ብናኝ አየር ላይ ሲረጭ ይታየኛል። ሽታው ወደ እኔ ደረሰ። ልናገር አፌን ከፈትኩና ተኝታለች ብዬ ተውኩት።

ከነጠላው ሥር፣ ሳትንቀሳቀስ፦

«ማነው ሎሚ የሚልጠው?»

ዝም አልኩ። ትንሽ ቆየሁ። ነጠላው በትንፋሿ ከፍ ዝቅ ይላል።

«እታለም... ብርቱካን ነው።»

«ሎሚ ነው» አለች። «አራት ዓመት ሙሉ ሎሚ ሳሸት የኖርኩት እኔ ነኝ አንተ? ሎሚ ነው አልኩህ።»

«እሺ፣ ሎሚ ነው።»

ነጠላውን አላነሳችም። «አንድ ክፋይ ለምንልኝ» አለችኝ።